የመቀናጆዬ ዓይን

ተጸያፊ ሰው ነኝ። ይህን ቀድሜ ልናገርና እወቁልኝ። ሌላ ሰው ከንፈሩን ባሳረፈበት ዋንጫ አልጠጣም። ሠርግ ስጠራ ዋንጫዬን ከጋቢዬ ሥር ይዤ እሄዳለሁ። ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። ሚስቴ እናንዬ፣ «አንቱ ሰውዬ፣ ከመላእክት ጋር ነው እንዴ ያደጉት?» ትለኛለች። ከመላእክት ጋር አላደግሁም። ከዝንብ ጋር ነው ያደግሁት፤ ለዚያ ነው።

አሁን የምጽፍላችሁ አምና በገብስ ውቂያ ሰሞን የደረሰብኝን ነው። ፊደል የቆጠርሁት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ከስሜና ከጥቂት ነገር በቀር ጽፌ አላውቅም። ነገር ግን ይህን በአፌ ባወራሁት ቁጥር ሰው የሚያስቀውን እየመረጠ ይስቅና የቀረውን ትቶት ይሄዳል። እንግዲያስ ይጻፍ አልሁ።

አገሬ ላይ ጋይንት ነው፤ ከንፋስ መውጫ ከፍ ብሎ፣ ብርዱ ጆሮ የሚቆርጥበት። አንድ በሬ አለኝ። ጎረቤቴ መንበሩም አንድ በሬ አለው። ሁለቱን በአንድ ቀንበር ጠምደን አንድ ቀን የእኔን፣ አንድ ቀን የእሱን እናርሳለን። መቀናጆ ማለት ይህ ነው። የበሬ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የቀንበሩ ጠፍር ምራኑም የጋራ ነው፣ የማረሻው ድግሩም የጋራ ነው፤ የአንዱ ላም ስትነጥፍ የሌላው ወተት የጋራ ነው። እኔና መንበሩ ልጆቻችን ሳይወለዱ ነው መቀናጆ የሆንነው። ዛሬ እኔም ሽማግሌ ነኝ፣ እሱም ከእኔ ብዙ አያንስ።

ከእሱ ጋር መጋራት የማልፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምላሱን።

መንበሩ በምላሱ የታወቀ ሰው ነው። ነገረኛ ነው ማለቴ አይደለም፤ እሱንም አያጣው። ውቂያ ላይ እብቅ ዓይኑ የገባበት ሁሉ ወደ እሱ ይሮጣል። መንበሩ የሰውዬውን የዓይን ቆብ በሁለት ጣቱ ይገለብጥና ዓይኑን በምላሱ ጫፍ ይልሰዋል። ከዚያ እብቁን መዳፉ ላይ እንትፍ ብሎ ለሰው ያሳያል። ያን ነጭ ሽንኩርት የበላበትን፣ ያን የጠላ አተላ የተጣበቀበትን ምላስ! አንድ ጊዜ እኔንም ሳላስብ ይዞ ላሰኝ። እዚያው አውድማ ዳር የበላሁትን ሁሉ መለስሁት። ከዚያ ወዲህ፣ «ዓይኔ ቢጠፋ ይጥፋ እንጂ ምላስህን እንዳታስጠጋኝ» ብዬዋለሁ።

እንግዲህ አምና ጥቅምት ላይ ቀኝ ዓይኔ ቀላ። እብቅ አልገባበት፣ እሾህ አልወጋው። ይተወኛል ስል ሕመሙ ወደ ውስጥ ዘለቀ፤ ከቅንድቤ በላይ እንደ መርፌ ይጠቀጥቀኝ ጀመር። ብርሃን ጠላሁ። ቀን በጠራራ ጋቢ ተከናንቤ ጓዳ ውስጥ ተቀመጥሁ።

መንበሩ ሊጠይቀኝ መጣ።

«ልላስልህ?»

«ውጣልኝ!»

እሱ ሲወጣ ሌላው ገባ፤ ሁሉም የየራሱን ቆሻሻ ይዞ። አንዷ ቅጠል አኝካ ልትተፋብኝ አጎነበሰች፤ እጇን ያዝሁ። አንዱ የጥጃ ሽንት ይሻለዋል አለ። ሌላው የራስህ ሽንት ይበልጣል ብሎ ተከራከረው። ሁለቱ እኔን ረስተው በሽንት ሲከራከሩ ትቻቸው ተነሣሁ። መንገዱ ዛሬ ክፍት ነገ ዝግ ነው፤ የዚያን ሰሞን ክፍት ነበርና ሚኒባስ ይዤ ደብረ ታቦር ዓይን ሐኪም ዘንድ ወረድሁ።

ሐኪሟ የልጅ ልጄ የምትሆን ቀጭን ልጅ ናት። አገጬን ብረት ላይ አስደግፋ በመብራት ውስጡን አየችው።

«አባባ፣ ዓይንዎ ከውስጥ ተቆጥቷል» አለችኝ።

«ማን አስቆጣው?»

ሳቀች። «አንዳንዴ ምክንያቱ አይገኝም። ቶሎ ካልበረደ ግን ብርሃንዎን ይወስደዋል።»

ሁለት ብልቃጥ ሰጠችኝ። «ይቺ ቀይ ክዳን ያላት ብሌንዎን ታሰፋለች። ለጊዜው ታደበዝዝብዎታለች፤ አይደንግጡ። ይቺ ነጯ ስቴሮይድ ናት። በደንብ ነቅንቀው በየሰዓቱ ይጨምሯት፤ ከዚያ እኔ ዘንድ እየተመላለሱ ቀስ በቀስ እንቀንሳታለን። ተሻለኝ ብለው በራስዎ እንዳያቆሟት፤ ይመለስብዎታል።»

«እሺ።»

«ደግሞ ለማንም እንዳይሰጡ። ይቺ ቁጣውን ታበርዳለች እንጂ ተዋሲያን አትገድልም። ቁስል ያለበት ዓይን፣ በተለይ እብቅ ወይም ቅጠል የጫረው ዓይን ውስጥ ከገባች፣ ሕመሙን ደብቃ ዓይኑን ታስበላዋለች። የብልቃጡም ጫፍ ዓይንዎን እንዳይነካ፤ ከዓይን የሚወጣው እዥ ተመልሶ ይገባበታል።»

እውነቱን ልንገራችሁ። የቁጣውን ነገር ግማሹን ነው የሰማሁት። የእዡን ግን አንድም ሳይቀረኝ ሰማሁ።

ቤቴ ገብቼ እናንዬ ትጨምርልኝ ጀመር። ወዲያው ጾመ ነቢያት ገባ። እናንዬ ብልቃጡን እየነቀነቀች ቆም አለች።

«ይህ እኮ ወተት ነው።»

«መድኃኒት ነው።»

«ነጭ ነው። ደግሞ እርስዎ ጉሮሮዬ ላይ መረረኝ ሲሉ አልነበረም? እንግዲያማ በዓይን ገብቶ ይዋጣል ማለት ነው።»

ሄዳ የንስሐ አባታችንን ጠየቀች። እሳቸውም፣ «ከላም ከታለበ ተዪው፤ ከፋርማሲ ከታለበ ጨምሪለት» ብለው መለሷት።

ዓይኔ ዳነ። ጓዳ ተከናንቦ ሲያቃስት የነበረው ሽማግሌ ወጥቶ ከብት ሲያግድ ሰው አየና የነጯ ብልቃጥ ወሬ ከቤት ቤት ዞረ። መንበሩም ሰማ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ የመንበሩ ገብስ አውድማ ወረደ። ሁለቱ በሬዎቻችን አበራዩት። ነፋሱ ሲነሣ መንበሩ መንሹን ይዞ ወደ ላይ ይበትን ጀመር። ሐኪሟ አሁንም ጠብታውን እየቀነስሁ እንድጨምር አዝዛኛለችና እኔ ዳር ላይ ጋቢዬን ግንባሬ ድረስ ስቤ ተቀምጫለሁ። ነፋሱ ድንገት ዞረ።

«ዓይኔን!» ብሎ መንበሩ መንሹን ጣለ።

አውድማው በሳቅ ፈረሰ።

«በል እንግዲህ ላሰው!» አለው አንዱ።

«ምላሱ አይደርስማ!»

«ለሐሜት ጊዜ ንፋስ መውጫ ድረስ ትደርስ የለ እንዴ፤ ዛሬ ምን ያዛት?»

መንበሩ ራሱ እንባው እየወረደ ሳቀ። ሚስቱ ደብሬ ሮጣ መጥታ ዓይኑን ገለበጠችና ላሰችው። «ወጣ!» አለች። ይውጣ አይውጣ፣ ወጥቶም ጭሮት ይሁን፣ እግዜር ይወቅ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ቤቴ መጣ። ደብሬ ተከትላው በሩ ላይ ቆመች።

«ያቺን ወተትህን አምጣት» አለኝ ገና ሳይቀመጥ።

ዓይኑን አየሁት። ቆቡ አብጧል። ከጥጉ ቢጫ ነገር ይወርዳል። ሁለት ዝንብ ተቀምጠውበት እሽ እንኳ አይላቸውም።

«አይሆንም» አልሁት። «እብቅ ለጫረው ዓይን መርዝ ናት ብላኛለች ሐኪሟ። ተነሥና ነገ አብረን እንውረድ፤ ልጅቷ ትይህ።»

«ውቂያዬን ጥዬ? ለእብቅ?»

«ለዓይንህ።»

«ስማኝ ጥጋቡ። በሬዬ ካንተ በሬ ጋር አንገት ለአንገት ታስሮ ስንት ክረምት ወጣ? ምራን ስትለኝ ከልክዬህ አውቃለሁ? ላምህ ስትነጥፍ ልጆችህ የማንን ወተት ጠጡ? ዛሬ አንዲት ጠብታ ሰሰትህብኝ?»

«አልሰሰትሁም! ያ መግልህ ብልቃጤን እንዲነካብኝ አልፈልግም!»

ይህ ቃል ከአፌ ባይወጣ ይሻል ነበር። ግን ወጣ። እውነትም ነበር። ደብሬ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። መንበሩ ተነሣ።

«በሬዬን ፍታ» አለኝ።

ፈታሁለት።

የእኔ ገብስ ገና ክምር ላይ ነበር። ሰማዩ ያለ ወጉ መዳመን ጀምሯል። በአንድ በሬ ደግሞ አይበራይም። ሰው ይረዳኛል ብዬ ብጠብቅ ማንም ዝር አላለም። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ አንዱ ባርኔጣውን አንሥቶ፣ «አያ ጥጋቡ፣ ጠብታዎ ደኅና አደረች?» አለኝ። ሌሎቹ አቀርቅረው ሳቁ። ሳቃቸውም እንደ ምላሳቸው ቆሻሻ ነው ብዬ አለፍሁ።

አንድ ቀን ቅዳሴ ወጥቼ ስመለስ መንበሩ አጥር ላይ ተደግፎ አገኘሁት። ፊቱ በርቷል።

«ዳንሁ! ሕመሙ ልቅም ብሎ ጠፋ። እግዜር እንዳንተ አይደለም።»

ጠጋ ብዬ አየሁት። ቅላቱ በርዷል። እዡም ቀንሷል። ነገር ግን ጥቁሩ ላይ፣ ልክ መሀሉ ላይ፣ የሽንብራ ክክ የሚያህል ነጭ ነገር ተቀምጧል። ደስ አላለኝም። ሐኪሟ፣ ሕመሙን ደብቃ ያለችው ትዝ አለኝ፤ ግን ከየት አግኝቶ ብዬ ተውሁት።

ቤቴ ገብቼ እናንዬን ሳልጠብቅ ለዓይኔ ራሴ ልጨምር ነጯን ብልቃጥ አነሣሁ። ክዳኑን ከፈትሁ።

ጫፉ ላይ ቢጫ ቅርፊት ደርቋል። ቅርፊቱ ላይ ደግሞ አንድ ሽፋሽፍት ተጣብቋል። ጥቁር ሽፋሽፍት ነው። የእኔ ከሸበተ ቆይቷል።

«እናንዬ!»

መጣች። ብልቃጡን ሳሳያት ያልጠየቅኋትን መናገር ጀመረች።

«ምን ላድርግ? ደብሬ አብሬሽ ውኃ አልወርድም አለችኝ። ልጇን ጡቴን ያጠባሁላት ሴት! የስስታም ሚስት እየተባልሁ እስከ መቼ ልኑር? እርስዎ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እየጠራሁ ጨመርሁለት። ማታም ከብት ሲያስገቡ። ደግሞስ ዳነ አይደል? አላዩትም?»

«ለእኔስ? ለእኔም በዚሁ ነው ስትጨምሪልኝ የሰነበትሽው?»

«ጫፉን እጠርገው ነበር።»

«በምን?»

የነጠላዋን ጫፍ አሳየችኝ። ያ ነጠላ ንፍጥ የሚጠረግበት፣ ላብ የሚደረቅበት፣ ድስት የሚያዝበት ነጠላ ነው። ወጥቼ አጥሩ ሥር ጎንበስ አልሁ። ቅዳሴ ውዬ ሆዴ ባዶ ስለነበር መራራ ውኃ ብቻ ወጣኝ። ተመልሼ ብልቃጡን እሳት ውስጥ ወረወርሁት። ቀልጦ ሲከረፋ ነው፣ በራስዎ እንዳያቆሟት የተባልሁት ትዝ ያለኝ።

በማግስቱ ጧት ስነቃ በበሩ ስንጥቅ የገባው ብርሃን ወጋኝ። ያ የታወቀው መርፌ ቅንድቤ ላይ ተመለሰ። ለራሴም መውረድ ግድ ሆነ። ብቻዬን ግን አልወርድም አልሁ። መንበሩ ደጅ ሄድሁ።

«ዓይንህ የዳነ መሰለህ እንጂ አልዳነም። እናንዬ ሁሉን ነግራኛለች። ጠብታዋ ሕመሙን ደበቀችብህ እንጂ ዓይንህን እያስበላችው ነው። ተነሥ እንሂድ።»

«ስስትህ ሳይበቃህ ምቀኝነት ጨመርህበት?»

«መንበሩ፣ ተነሥ።»

«አልሄድም። ዳንሁ አልሁህ!»

ልለምነው አልቻልሁም፤ ልመና አላውቅም። ዞር ብዬ በሬውን ከታሰረበት ፈታሁና ወደ መኪናው መንገድ እየጎተትሁ ሄድሁ። በሬው ያውቀኛል፤ እኔንም እንደ ጌታው ነው የሚቆጥረኝ፤ ዝም ብሎ ተከተለኝ።

«በሬዬን! ኧረ በሬዬን! ሰው የለም ወይ!» ብሎ መንበሩ በዱላ ተነሣ። እናንዬም ከበስተኋላ ነጠላዋን እየሰበሰበች ትሮጣለች። ብርሃኑ ዓይኔን እየጠቀጠቀኝ ግማሹን መንገድ ጨፍኜ፣ በሬው እየመራኝ ሄድሁ ብል ይሻላል። መንበሩ የእናቴን ስም ሳይቀር እያነሣ ይሰድበኛል። ድንጋይም አንሥቶ ነበር። ወረወረው፤ ከእኔ እጅግ ርቆ ወደቀ። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። መንበሩ በድንጋይ ጅግራ የሚጥል ሰው ነበር።

መኪናው መንገድ ላይ ሚኒባሱ ሰው ይጭናል። ሰው ከበበን።

«በሬዬን ሊሸጥብኝ ነው፣ ያዙልኝ!»

«ግባ» አልሁት። «ከገባህ እናንዬ በሬህን ትመልሰዋለች። ካልገባህ ለሥጋ ቤት ነው።»

«በጾም ማን ያርድልሃል፣ አንተ ቂል!»

«አስቀልቤ ለገና አደርሰዋለሁ።»

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ተጠጋሁት፤ የአፉ ሽታ እስኪደርሰኝ ድረስ ተጠጋሁት።

«ደኅናውን ዓይንህን በመዳፍህ ሸፍን። ሸፍንና እየኝ።»

እልህ ይዞት ሸፈነ። በታመመው ዓይን ወደ እኔ አየ። እጁን ዘርግቶ ትከሻዬን ፈለገ፤ ጋቢዬን ያዘ።

«ጥጋቡ» አለኝ ቀስ ብሎ፤ «ጉም ነው እንዴ?»

ጉም አልነበረም። ፀሐይዋ ወጥታ የጉናን ተራራ አብርታ፣ የሚኒባሱ መስታወት ያንጸባርቅ ነበር።

የበሬውን ገመድ ለእናንዬ ሰጠኋት። መንበሩ ገባ። እስከ ደብረ ታቦር ጋቢዬን አልለቀቀም።

ሐኪሟ ዓይኑን አይታ እብቁ ከጫረው ቦታ ላይ ጥቂት ፍቃ መረመረችና ሻጋታ ገብቶበታል አለች፤ እብቅ ላይ የሚኖር ዓይነት። ከዚያ ጠየቀችው፤ ምን ጨመሩበት ብላ። መንበሩ መሬት መሬት አየ።

«የእኔን ነጭ ጠብታ» አልሁ።

«ማን ሰጣቸው?»

«እኔ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «አባባ! ነግሬዎት አልነበረም? ከአንድ ሰው ዓይን ወደ ሌላ ሰው ዓይን! ንጽሕና ማለት እኮ…» አለችና ተወችው። ንጽሕና! ዋንጫውን በጋቢው ይዞ የሚዞር ሰው ንጽሕና አያውቅም ተባለ። ዋጥሁት። ከጠብታው ይልቅ መረረኝ።

ስንወጣ መንበሩ፣ «ለምን ዋሸህ?» አለኝ።

«ምን ልበላት? መቀናጆ ነን፣ ብልቃጡም የጋራ ነበር ልበላት?»

መንበሩ እዚያው ሐኪም ቤት ተኛ። አስታማሚ አለው ወይ ተባለ። ደብሬ አውድማ ላይ ናት፤ እኔ ብቻ አለሁ። ለእሱ የሻጋታ ጠብታ በየሰዓቱ ነው። ለእኔም አዲስ ብልቃጥ ተሰጠኝ፤ እንደ ገና ከመጀመሪያው። ነርሷ ጥጥና የፈላ ውኃ አሳየችኝና ከመጨመሬ በፊት ያን ቢጫ ነገር እንድጠርግ ነገረችኝ።

እኔ! እኔ ልጠርግ!

እጄን ታጠብሁ። ጥጡን አረጠብሁ። ከአፍንጫው ጥግ ጀምሬ ወደ ጆሮው ጠረግሁ፤ እንዳሳየችኝ። ሞቅ ያለ ነገር በጥጡ አልፎ ጣቴ ላይ ተሰማኝ። ጥጡን ጣልሁ፣ ታጠብሁ፣ ሌላ ጥጥ አነሣሁ፣ እንደ ገና ጠረግሁ። የታችኛውን ቆብ ወደ ታች ስቤ ጫፉ ሳይነካው አንድ ጠብታ ጣልሁበት።

«ፊትህን አታጨማድድ» አለኝ መንበሩ።

«በዚያ ዓይንህ አየኸኝ እንዴ?»

«በደኅናው ነው። ያንተን ፊት ለማየት አንድም ይበዛል።»

ለራሴ ደግሞ መጀመሪያ ታጥቤ፣ ከዚያ ጨምሬ። እንዲህ ሳደርግ ስንትና ስንት ቀን አለፈ። መጸየፌን አልተውሁም። መጥረጉን ግን ተውሁ ብል ውሸት ነው፤ ለሌላ ሰውም አላስነካሁም።

ዓይኑ አልወጣም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው አለች ሐኪሟ። ግን ነጩ ጠባሳ መሀሉ ላይ ቀረ። በዚያ ዓይኑ ሰው መሆኔን ያያል፤ ማን መሆኔን አያይም። የእኔ ዓይን ዳነ። አገር ቤት ስንመለስ ገብሴ ተበራይቶ ጎተራ ገብቶ አገኘሁት። ሁለቱን በሬዎች ጠምደው ደብሬና እናንዬ ናቸው ሰው ለምነው ያስወቁት። ከክምሩ ጫፍ ዝናብ ያገኘው በስብሷል። ለከብት ሰጠሁት።

እናንተ የምታነቡ፣ ከጋይንትም ሁኑ ከስማዳም ከእስቴም፣ ይህን ስሙኝ። የሰው የዓይን ጠብታ አትጠይቁ፤ ተጠይቃችሁም አትስጡ። ስስታም ይበሏችሁ። ስትጨምሩበት ሕመሙ ቢጠፋ ዳንሁ አትበሉ፤ አንዱን ዓይን ሸፍኑና እዩ። የታዘዘላችሁንም በራሳችሁ አታቁሙ። ለእኔ ደግሞ የገባኝ ይህ ነው። እምቢ ማለቴ ልክ ነበር። እምቢ ብዬ ፊቴን አዙሬ መቀመጤ ግን ከእናንዬ ነጠላ የሚሻል ሥራ አልነበረም። በሬውን የፈታሁለት ቀን ነው እየጎተትሁ መሄድ የነበረብኝ።

ዘንድሮ እንደ ገና ገብስ ወቃን። በሬዎቹ አንድ ቀንበር ላይ ናቸው፤ ብልቃጥ ግን ለየቤታችን ነው። እንደ ልማዱ አንድ ጎልማሳ ዓይኑን ይዞ ወደ መንበሩ ሮጠ።

«አያ መንበሩ፣ ይላሱልኝ!»

መንበሩ በደኅናው ዓይኑ አየው። «እጅህን አውርድ፣ አትሸው። ደብሬ፣ ያን የፈላውን ውኃ አምጪ!» አለ። አጎንብሶ በቀስታ አጠበለት። «ካልወጣ ዛሬውኑ ትወርዳለህ። እምቢ ካልህ ጥጋቡ በሬህን ይወስደዋል።»

ሰው ሳቀ። መንበሩ ቀና አለና እኔ ወደ ተቀመጥሁበት ዞሮ ያን ረጅም ምላሱን እስከ ሥሩ አወጣብኝ።

አቅለሸለሸኝ።